ስድስት ሺህ ሪያል ያወጣል የተባለው ኪቦርድ

አዳማ
የካቲት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለምወድሽ አክስቴ ለእትዬ ዘርፌ፣

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔም መቲም ልጃችንም ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስለጮኽሁብሽ አትቀየሚኝ። ማዳምሽ ከኋላ ስትጣራ እየሰማሁ «አትዝጊው» ማለት አልነበረብኝም። አንቺም «ጻፍልኝና ረጋ ብዬ አነበዋለሁ፣ በስልክ ከሆነ ከመጣላት በቀር ምንም አናተርፍም» ብለሻል። እውነትሽን ነው። ይህን የምታደርስልሽ ሸቱ ትባላለች። ለእረፍት መጥታ ወደ ደማም እየተመለሰች ነው፤ የምትሠራበት ቤት ከእናንተ ሩቅ አይደለም አሉ።

ነገሩ ያው ኪቦርዱ ነው። አሠሪዬ ካፊሉ «ጠፍቶብኛል» ብሎ ሁሩብ፣ ኮብላይ አድርጎ ካስመዘገበኝ በኋላ ኮባር መንገድ ላይ ፖሊሶች ሲይዙኝ የለበስኩትን ብቻ እንደያዝኩ ቀረሁ። ክፍሌን ተመልሼ ሳላይ ከእስር ቤቱ በቀጥታ አውሮፕላን ውስጥ አስገቡኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የዕቃ መኪና ነድቼ እዚያ አገር የቀረኝ ንብረት ያ ኪቦርድ ብቻ ነው። አብሮኝ ይኖር የነበረው ነጅሙዲን በታክሲ አምጥቶ እንዳስረከበሽ ነግሮኛል። ጌታ ዋጋችሁን ይክፈላችሁ።

አሁን ሽጪልኝ። ዋጋው ስድስት ሺህ ሪያል ነው። ኮባር ያለው የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ከነዋጋው ተሰቅሎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያገለገለ ነው ብለው አምስት ሺህ ቢሉሽ እሺ በይ። ከዚያ በታች የሚጠራ ሰው ግን ሴት ናት ብሎ ሊያታልልሽ ነው፣ ጥለሽው ሂጂ።

የምንኖረው በመቲ አባት በአቶ ደሬሳ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ግን አያናግሩኝም። ጠዋት ስንገናኝ «እንዴት አደርክ?» ይሉኝና ፊታቸውን ያዞራሉ። ባዶ እጁን የመጣ አማች ብለው በልባቸው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። እዚያ ንብረት እንዳለኝ፣ ገንዘቡም በቅርቡ እንደሚመጣ ነግሬያቸዋለሁ። እባክሽ አታሳፍሪኝ።

በጌታ ፍቅር፣
ልጅሽ ኤልያቄም


ደማም፣ አል ሙሐመዲያ
መጋቢት 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልያቄም፣

እንደምን ከርመሃል? መቲና ልጃችሁስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ወገቤ እንደነበረው ነው። ጾሙ ከገባ ወዲህ ለቤቱ ሰው ሥጋውን ሠርቼ ለራሴ ምስር እቀቅላለሁ፤ እመቤቴ ለፋሲካው በሰላም ታድርሰን።

ኪቦርድህ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ናት። አልጋውና እኔ ከገባን በሩ የሚዘጋው በግፊያ ነው። ማዳም ጥቁሩን ቦርሳ አይታ «ዘርፌ፣ እሽ ሃዳ?» ብላ ምንድን ነው ብትለኝ በተሰባበረው ዓረብኛዬ የእህቴ ልጅ ነው ያልኳት መሰለኝ፤ «ልጁን አልጋ ሥር ነው የምታስተኚው?» ብላ ሳቀች። በኋላ አስረዳኋት። ድምፁ ካልተሰማ ግድ የለኝም አለች።

ያልከኝ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ ለመድረስ ማዳም ኮባር ገበያ እስክትወጣ፣ ልጆቹን እንድይዝ እኔን አስከትላ እንድትሄድ፣ ከዚያ ደግሞ ልብስ ስትለካ ፈቃድ እስክትሰጠኝ መጠበቅ ነበረብኝ። ሱቁን የሚይዘው ከኬራላ የመጣ ህንዳዊ ነው። በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት። ስድስት ሺህ ያልከው አዲሱ ነው፣ ልጄ። የአንተው ዓይነት መሠራቱ ከቆመ ቆይቷል፤ አሁን መስታወቱ ውስጥ ያለው የእሱ ታናሽ ወንድም ነው። «ዕድሜው ስንት ነው? ኤሌክትሪክ መሰኪያው የራሱ ነው? ሁሉም ቁልፍ ይጮኻል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩና «ሁሉም ይጮኻል» አልኩት።

ቤት ሰው የሌለበት ቀን ጠብቄ ሰካሁትና ከዳር ጀምሬ እያንዳንዱን በጣቴ ተጫንኩ። እኔ ዘፈንም መዝሙርም መምታት አላውቅም፣ ግን ዝም ያለውንና የሚጮኸውን መለየት አያቅተኝም። መሐል ላይ ሦስቱ ዝም አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ለሰውየው ይህንኑ ነገርኩት። እንዳለ ከሆነ ሰባት መቶ ሪያል እሰጥሻለሁ አለኝ። ከተጠገነ ደግሞ ከሰው ለሰው አንድ ሺህ ሦስት መቶ፣ ቢበዛ አንድ ሺህ አራት መቶ ያወጣል አለ።

ሦስቱ እንደማይሠሩ ለምን አልነገርከኝም? ምን ላድርግ? ቶሎ መልስልኝ፤ ረመዳን ከገባ ከኩሽና ቀና የምልበት ጊዜ አይኖረኝም።

እመቤቴ ከክፉ ትሰውርህ።
አክስትህ ዘርፌ


አዳማ
ሚያዝያ 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፌ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እንኳን ከጾሙ በሰላም አወጣሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያመመኝ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሱቅ ላለ ነጋዴ ማሳየትሽ ነው። ነጋዴ ሊገዛ ሲፈልግ ያራክሳል። ሰባት መቶ ሪያል የቦርሳው ዋጋ ነው። እኔ ትቼው ስሄድ ሁሉም ቁልፍ ይሠራ ነበር። ወይ ነጅሙዲን ታክሲ ውስጥ ሲጭነው ጥሎታል፣ ወይ የማዳምሽ ልጆች ነካክተውታል። እባክሽ አጣሪልኝ።

ለሱቅ አትስጪው። ፊሊፒኖች ሙዚቃ ይወዳሉ፤ ሆስፒታል የሚሠሩትን ጠይቂ። ዳህራን የነዳጅ ኩባንያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩትም ለልጆቻቸው ይገዛሉ። በአራት ሺህ ጀምሪ።

እዚያ አብረን እንጸልይ የነበርነው የኅብረታችን ሰዎች ስለ ኪቦርዱ ቢጠይቁሽ «ከእሱ ጋር ተነጋገሩ» በያቸው እንጂ ሌላ ነገር አትናገሪ።

አቶ ደሬሳ እንደዚያው ናቸው። ትናንት ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ወደኔ ዞረው አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ገንዘቡስ የት ደረሰ?» ሊሉኝ እንደነበር አልጠፋኝም። ተነስቼ ወጣሁ።

ልጅሽ ኤልያቄም


ደማም
ሰኔ 27 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለኤልያቄም፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እግዚአብሔር ይመስገን እኔም ቤተሰቡም ደህና ነን። መልሴ የዘገየው ረመዳን ስለነበር ነው። ወር ሙሉ ሳምቡሳ ስጠቀልል እጄ ዱቄት እንደሆነ ነጋ ጠባ። አትቆጣ።

ስለ ነጅሙዲን የጻፍከውን ለእሱ አልነገርኩትም፤ እንዳትደግመው። ኪቦርዱን ከኪሴ አስጠግኜዋለሁ። ሰውየው ፈቶ አሳየኝ። ከቁልፎቹ ሥር የተነጠፈው ላስቲክ አርጅቶ፣ አቧራና ላብ በልቶት ነው። ማንም አልጣለውም፣ ማንም ልጅ አልነካውም። ብዙ ስለተመታ ነው ያረጀው። አሁን ሁሉም ይጮኻል።

በሸቱ በኩል አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ አገኘሁ። መጥታ እዚሁ በር ላይ አየችው። አራት ሺህ ስላት ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ነበር። ተከራክረን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ላይ ቆምን። ለወር መጨረሻ ልትወስደው ተስማማን።

በሦስተኛው ቀን ግን ገመዳ የሚባል ሰው ደወለልኝ፤ ቁጥሬን ከነጅሙዲን አግኝቶ ነው። የኅብረታችሁ መሪ ነኝ አለ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ኪቦርዱን ሊሸጡት ነው ሲባል ሰማን።»

«አዎ፣ የልጄ ንብረት ነው።»

«የእሱ ብቻ እኮ አይደለም፣ እናቴ። ስንገዛው አዋጥተናል።»

እሱ ቀጠለ። ኪቦርዱን የገዛችሁት ዳህራን ያስተምር ከነበረና አገሩ ከገባ ሰው፣ ያኔም ያገለገለ ሆኖ፣ በሁለት ሺህ ስምንት መቶ እንደሆነ ነገረኝ። አንድ ሺህ አምስት መቶው የኅብረቱ መዋጮ ነው። የቀረው ያንተ ነው። «ከመካከላችን የቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከደሞዛቸው ቆርሰው ነው የሰጡት» አለኝ። የሚሉት እንዲህ ነው፦ ኪቦርዱ እነሱ ዘንድ ይቅር፣ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶው የአንተን ድርሻ ስድስት መቶ ሪያል ይክፈሉህ።

ኤልያቄም፣ ይህን ከአንተ አፍ መስማት ነበረብኝ። ለነርሷ ቃል ሰጥቻለሁ። የሰው ዕቃ ልሸጥ ነበር ማለት ነው። እኔ እዚህ አገር እስከዛሬ በሌብነት ስሜ ተነስቶ አያውቅም።

አንድ ቃል ጻፍልኝና ይቋጭ። ያለ ቅጣት ውጡ የሚል ምሕረት ወጥቷል ተብሎ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሌለው ሁሉ ዕቃውን እየሸጠ ወደ አገሩ ነው። የሌሎች አገር ሰዎችም በቤተሰብ ቁጥር ለመንግሥት የሚከፈል ክፍያ መጣብን ብለው ልጆቻቸውን እየመለሱ ነው። ያገለገለ ዕቃ በየመንገዱ ተደርድሯል። ባሰብክ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል።

ዘርፌ


አዳማ
ነሐሴ 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፌ፣

ሰላም ነሽ?

ገመዳ የነገረሽ ሐሰት አይደለም፤ ግን ሙሉውን አልነገረሽም። አራት ዓመት ማን ተጫወተው? ቀኑን ሙሉ ቁም ሣጥንና ፍራሽ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ውዬ፣ ሐሙስ ማታ እነሱ ታጥበው ሲመጡ እኔ በሥራ ልብሴ እደርስ ነበር። ጸሎታችን እዚያ አገር የተከለከለ ስለሆነ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሰው ሁሉ አልቅሶ እስኪያበቃ እመታለሁ። ፔዳሉን የገዛሁት እኔ ነኝ። ኪቦርዱን ከነአደጋው ክፍሌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፍተሻ ቢመጣ የሚታሰረው ማን ነበር? አረጀ ያልሽውን ላስቲክ ያስረጀው የኔ ጣት ነው። ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም?

አንቺ ደግሞ ሰውየው «እናቴ» ስላለሽ ወደ እሱ አደላሽ። ለፊሊፒናዊቷ ሽጪና ገንዘቡን በሙሉ ላኪልኝ። ከእነሱ ጋር ያለውን ጣጣ እኔ እወጣዋለሁ። ስድስት መቶ ሪያል ይዤ አቶ ደሬሳ ፊት እንድቆም ነው የምትፈልጊው? መቲ እንኳን «ስንት ሆነ?» ማለቷን ትታለች።

ኤልያቄም


ደማም
ጥቅምት 24 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለኤልያቄም፣

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አሳለፋችሁ።

ደብዳቤህን የያዘችው ልጅ ቪዛዋ ተጓትቶ አዲስ አበባ ስለተቀመጠች እጄ የገባው በመስቀል ማግስት ነው። ነርሷ ሌላ ገዝታለች። «ኸላስ፣ አበቃ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ፤ አልፈርድባትም። ወደ ህንዳዊው ሄድኩ። ሱቁ ግድግዳ ላይ ያገለገሉ ኪቦርዶች እንደ ፍራሽ ተደራርበው ቆመዋል። ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ «ማማ፣ ማፊ» አለኝ፤ ቦታ የለኝም፣ ገዢም የለም ማለቱ ነው። ለመንኩት። ለእኔ ሲል ስምንት መቶ ሰው ሊሰጥበት ይችላል፣ ከገና በኋላ ግን እሱንም አላውቅም አለ።

ቤት ገብቼ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። ወደ እሱ አደላሽ ያልከውን ሳነብ ቀድጄ ልጥለው ነበር። እናትህ ስትታመም በጀርባዬ ያዘልኩህ ልጅ ነህ። ለማን ላደላ?

ከዚያ ግን ስለ ሐሙስ ማታ የጻፍከውን እንደገና አየሁት። እውነት አለው። ስለዚህ ሳልጠይቅህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ።

አርብ ዕለት ገመዳንና ሚስቱን ደማም ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የቤተሰብ ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ሃኒ የምትባል ኮባር ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅም አብራቸው ነበረች። ገመዳ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን የወረቀት ሰው ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ እየጠቀሰ ሲነግረኝ አስጨረስኩት።

«የገንዘቡን ሰማሁ» አልኩት። «አሁን ደግሞ ልጠይቅህ። ልጄ አራት ዓመት ሲመታላችሁ በወር ስንት ትሰጡት ነበር?»

«ለጌታ አገልግሎት ክፍያ የለም፣ እናቴ። እሱም ጠይቆን አያውቅም።»

«ስላልጠየቀ ነው እንጂ ዋጋ ስለሌለው አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ ክፍሉ ተደብቆ የነበረው የእናንተ ዕቃ ቢገኝበትስ ከእሱ ጋር ትታሰሩ ነበር?»

ሚስቱ ቀድማው «እውነታቸውን ነው» አለች። «ኤልያቄም ከሄደ ጀምሮ በጭብጨባ ነው የምንዘምረው። ያኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ በላህ ወይ አላልነውም።» ሃኒ አቀርቅራ የጣቷን ቀለም ትፍቅ ነበር። ገመዳ «ዛሬ ገበያው ስንት ይላል?» አለኝ። «ስምንት መቶ» አልኩት። አልዋሸሁም፤ አንድ ሺህ ብለው ያምነኝ ነበር። «እንግዲያው ስምንት መቶውን በሙሉ እንክፈለው፤ የእኛ መዋጮ ለደከመበት ይሁንለት» አለ።

በዚህ ተስማማሁ። ኪቦርዱን ወስደዋል። ሃኒ ልትማርበት ነው። ገንዘቡን ለነጅሙዲን ሰጥቼዋለሁ፤ ምሕረቱ ሳያልቅ ጓዙን ጠቅልሎ እየገባ ስለሆነ አዳማ ድረስ አምጥቶ በእጅህ ይሰጥሃል። ሲመጣ ውኃ አቅርብለት፤ ያለ ጥፋቱ ጠርጥረኸዋል። የማስጠገኛውን አልቀነስኩም።

ዋጋው ይኸው ነው። ስድስት ሺህም አራት ሺህም አልነበረም። ከእንግዲህ ስለ ኪቦርድ አትጻፍልኝ።

ዘርፌ


አዳማ
የካቲት 4 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፌ፣

ጌታ ጤናውን ሁሉ ይስጥሽ።

ነጅሙዲን ገንዘቡን ገና በጥቅምት መጨረሻ ሰጥቶኛል። እኛ ዘንድ ሁለት ቀን ሰንብቶ ነው ወደ ወሎ የሄደው። ያልጻፍኩልሽ ተናድጄ ስለነበር ነው። ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ለመቲም ሳልነግራት ከረምኩ። ለአንድ ዓመት ያወራሁለት ንብረት ስምንት መቶ ሪያል ሆነ ብዬ መናገር አቃተኝ።

ባለፈው እሑድ ግን አቶ ደሬሳ አጥሩን ሲያስተካክሉ ሚስማር እያቀበልኳቸው ሳለ አላስችል አለኝ። ገብቼ ገንዘቡን አመጣሁና እፊታቸው ያለው እንጨት ላይ አስቀመጥኩት።

«ይኸው ነው» አልኳቸው። «ይመጣል ያልኩዎ ገንዘብ ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።»

ገንዘቡን አዩት። መዶሻውን አስቀመጡ። «እኔ ገንዘብ ጠይቄህ አውቃለሁ?» አሉኝ።

«አይ፣ ግን ዝም ይሉኝ ነበር።»

«ዝም ያልኩህማ ስለ እስር ቤቱ መጠየቅ ፈርቼ ነው» አሉ። «ከዚያ አገር የተመለሱ ልጆች በግርፋት የተላጠ ጀርባቸውን አይቻለሁ። አንተም ከመጣህ ወዲህ ሸሚዝህን አውልቀህ ታጥበህ አታውቅም። ብጠይቅህ የሚያምህ መስሎኝ ነው። ልናገር ስል ደግሞ ተነስተህ ትሄዳለህ።»

እትዬ፣ እስር ቤት የደረሰብኝን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ለመቲም፣ ለአንቺም። ለአቶ ደሬሳ ግን እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብለን ነገርኳቸው። አልመከሩኝም፣ አላጽናኑኝም። ሲሰሙ ቆዩና «ገንዘቡን ለሚስትህ ስጣት» ብለው መዶሻቸውን አነሱ። በማግስቱ የጓደኛቸውን አይሱዙ እንድነዳ ወስደው አገናኙኝ። እህል ከአርሲ አመጣለሁ።

ከገመዳ ጋር ስለ እኔ የተነጋገርሽውን ነጅሙዲን ከሃኒ ሰምቶ ቃል በቃል ነገረኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ተከራክሮልኝ አያውቅም። አንቺስ እንዴት ነሽ? በእውነት ንገሪኝ።

ልጅሽ ኤልያቄም


ደማም
መጋቢት 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልያቄም፣

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከደብዳቤዎችህ ሁሉ እንዲህ ደስ ያለኝ የለም። ደግሞም አናደድከኝ። አቶ ደሬሳን ያኔውኑ አንድ ቃል ብትጠይቃቸው ኖሮ እኔ ኮባርና ደማም ስመላለስ ጫማ ባልጨረስኩ።

አንቺስ እንዴት ነሽ ብለህ ስለጠየቅከኝ ልንገርህ። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ ከጠየቅሁ ቆየሁ። ጠቅልዬ ልገባ ነው። ማዳም «ከረመዳን በኋላ» እያለች ስታጉላላኝ ከርማ አሁን ሌላ ሠራተኛ አግኝታለች፤ ወረቀቱ ተፈርሟል። ወገቤ ከእንግዲህ የሰው ምንጣፍ አይጠርግም። ሐኪሙ ጎንበስ አትበይ ካለኝ ዓመት አልፎታል፤ ኪቦርድህን ከአልጋ ሥር ስጎትተው የነበረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያልጻፍኩልህ ልደብቅህ ብዬ አልነበረም። በየደብዳቤው ስለ ዋጋው ስንጨቃጨቅ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ባለፈው አርብ እነ ገመዳ ኒስፍ አልቀመር ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ወስደውኝ ነበር። እኔ ጾመኛ ነኝ ብላቸው ድንች ቀቅለው አመጡልኝ። ሃኒ መኪና ውስጥ ሆና፣ ኪቦርዱን ከመኪናው ባትሪ ሰክታ ሁለት እጇን ለማስማማት ስትታገል ሰማኋት። ገና ናት፤ ትሳሳታለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

የምገባው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ቀኑን በስልክ እነግርሃለሁ፤ በዚያን ቀን አንጮህም። ከአርሲ የምታመጣውን እህል አራግፈህ አይሱዙውን ይዘህ ቦሌ ና። ሁለት ሻንጣ አለኝ፣ የሚያነሳልኝ ግን የለም። ለመቲም ንገራት፣ የምተኛበት ቦታ እስካገኝ ጥቂት ቀን እናንተ ዘንድ እሆናለሁ። አቶ ደሬሳን ፈቃዳቸውን አንተው ራስህ ጠይቅልኝ፤ ዝም ቢሉህ እንኳ ተነስተህ አትሂድ።

እመቤቴ መንገድህን ትጠብቅልኝ።
አክስትህ ዘርፌ